የድሮው ሳይቆረጥ አዲሱ አይገባም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የስልክ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁት ስልኮች ነበሩ። ጥቁሩ፣ ክሬሙ፣ በጣት የሚዞረው፣ ባለቁልፉ፣ ሁሉም ገመዳቸውን እንደ እግር አጣምረው ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ ነበሩ። በኮሌታቸው ሚስማር ላይ ተሰቅለው፣ እጃቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ አንድ የሚያነሣቸው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው የሰፈራችንን ባለሱቅ ጋሽ ከልካይን አየኋቸው።

«ጋሽ ከልካይ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ዝም በል» አሉኝ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «አሁን ሊደወልብኝ ነው።»

አጠገቤ የተቀመጠው ግራጫ ስልክ ወፈር ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ዓይነት ነበር። ለምን ጉዳይ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። መስመር ላስቆርጥ ነው አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ሆዱ ውስጥ ያለው ደወል ቀስ ብሎ ይንኳኳል።

«እዚህ መስመር አይቆረጥም። እዚህ የሚቆረጠው ሰው ነው» አለኝ። «እኔ ራሴ ደንበኛዬን ላስቆርጥ ነው የመጣሁት። ምስኪን፣ ምንም ያጠፋው የለም፤ አርጅቶ ነው። ሃሎ ከማለቱ በፊት ሳሉ ይቀድመዋል። አሁን ፈጣን ሰው ሊያስገቡልኝ ነው።»

«እሱስ ምን ይሆናል?»

«ማን?»

«የድሮው ሰው።»

ግራጫው ስልክ እንዲህ ያለ ጥያቄ በዕድሜው ሰምቶ እንደማያውቅ ሁሉ ገመዱን ፈትቶ መልሶ አጣመረው።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት የቀኑን ላውራ፤ አለዚያ ነገሩ አይያዝም። ትናንት ቀን በእውኔ እዚያው መሥሪያ ቤት ነበርኩ። ሙያዬ መቁረጥ ነው፤ የሰው ሠርግ ቪዲዮ እቆርጣለሁ። የሙሽራይቱ አክስት እንባ ሲረዝም እቆርጠዋለሁ፣ ማይክ ጨብጦ አልሰጥም ያለውን ሽማግሌ እቆርጠዋለሁ፣ የተረፈውን ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች በኢንተርኔት እልካለሁ። ችግሩ መላኩ ላይ ነው። የቤታችን ኢንተርኔት የሚመጣው በዚያው በድሮው የስልክ ሽቦ ስለሆነ አንድ ሠርግ ተልኮ እስኪያልቅ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ። ስለዚህ ፋይበር የሚሉት ፈጣን መስመር ጉለሌ ገባ ሲባል ሮጬ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ናት።

«የድሮው ሳይቆረጥ አዲሱ አይገባም» አለችኝ።

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩም አብሮ ይቋረጣል። አዲስ ይሰጥዎታል።»

«የድሮውን ማቆየት አይቻልም?»

«በእርስዎ መስመር አይቻልም። ምነው፣ በጣም የሚፈልጉት ቁጥር ነው?»

«አይ» አልኳት።

ያ ቁጥር ታናሽ ወንድሜ በቃሉ የሚያውቀው ብቸኛ ቁጥር ነው። ናሁሰናይ ይባላል፤ እኛ ናሁ እንለዋለን። በመተማ አድርጎ ካርቱም፣ ከካርቱም ደግሞ ወደ በረሃው ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። ሞባይሉን ደላሎቹ መንገድ ላይ ወስደውበታል። ቁጥር በቃል መያዝ የማይሆንለት ልጅ ነበር፤ የቤታችንን ብቻ፣ ቢጠፋ ለፖሊስ እንዲናገር ብላ፣ እናቴ በልጅነቱ እንደ መዝሙር አስጠንታዋለች። እኔን ምስክር ብሎ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሁልጊዜ «ወንድሜ» ነው የሚለኝ። ደውሎ እናቴ «ማን ልበል?» ስትለው እንኳ ስሙን እንደመናገር «ወንድሜ አለ?» ይላል፤ እሷም ሳቋ ይመጣል። በዚያ ቁጥር አንድ ቀን ከየት እንደሆነ ከማናውቀው ቦታ ደወለ። ነፋስ ይሰማ ነበር። «እናቴ፣ ነገ እንሻገራለን፤ ደርሼ…» አለና ተቋረጠ። እናቴ መነጋገሪያውን እንደያዘች ቆየችና «መልሶ ይደውላል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከስልኩ አጠገብ በርጩማ አላት። ለስልኩ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አልብሳዋለች። ለቅሶ ብትሄድ፣ ሠርግ ብትጠራ፣ እህል ሳትቀምስ ትመለሳለች። ጎረቤቶች «አልጣሽ፣ በቃ ቁርጥሽን እወቂና እርምሽን አውጪ» ሊሏት ይመጡና በርጩማዋን ሲያዩ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተው ይሄዳሉ። እኔም ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ስልኩ ሲጠራ ፊቷ ላይ የሚበራውን፣ የተሳሳተ ቁጥር ሲሆን ደግሞ የሚጠፋውን ነገር ማየት ሰልችቶኛል፤ ያስፈራኛልም። ስለዚህ ትናንት ማታ «ሽቦ ሊቀይሩልን ነው» ብቻ አልኳት።

«ቁጥሩስ?» አለችኝ ወዲያው።

«ያው ነው» አልኳት።

የመስኮቷ ልጅ ሳምንት ይፈጃል ብላኛለች። ሳምንቱ ውስጥ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ተኛሁ።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ተራዬ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያችው ትሑት ልጅ ነበረች፤ እሷም በኮሌታዋ ተሰቅላለች፤ ጫማዋ ወለሉን አይነካም።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ስሜን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ቱ……» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ያ መነጋገሪያ ሲነሣ የሚሰማው ወጥ ድምፅ። አፌን ስዘጋ ይቆማል፣ ስከፍት ይቀጥላል። ልጅቷ ጆሮዋን አስጠግታ በጥሞና አዳመጠችኝ።

«ማንም የለበትም» አለች። «ባዶ መስመር ነው። ይለፍ።»

ከኋላዬ የነበረው ባለጉዳይ ገፋ አድርጎኝ አለፈ። የቤታችን ስልክ ነበር። ዳንቴሉን እንደ ሻሽ አሥሮታል። ጭኑ ላይ እናቴን አስቀምጧታል፤ እናቴ የአራት ዓመት ልጅ ታክላለች፤ ፀጉሯ ግን እንደ ዛሬው ሽበት ነው።

«ሁለት ሰው አሉኝ» አለ ስልኩ ለልጅቷ። «አንዷ ትጠብቃለች፣ አንዱ መጠበቅ ሰልችቶታል።»

«የትኛው ይቆረጥልህ?»

«ደንቡ ምን ይላል?»

«የድሮው ሳይቆረጥ አዲሱ አይገባም።»

«የቱ ነው የድሮው?»

ልጅቷም ስልኩም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትም ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ጋሽ ከልካይ ሳይቀሩ አዩኝ። እናቴ ብቻ አላየችኝም። ራሷን ዘንበል አድርጋ ሌላ ነገር እያዳመጠች ነበር። ከዚያ በር ፍለጋ ሮጥኩ፤ በሩ ኮርኒሱ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

መንገድ ላይ ምሰሶ የሚባል ነገር አልነበረም። በምሰሶዎቹ ቦታ ሰዎች ቆመዋል፣ እስከ ጉልበታቸው አስፋልቱ ውስጥ ተተክለው። ሽቦውን በጥርሳቸው ነክሰው ይዘዋል። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ሽቦው መንገዱን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ስልኮቹ በእግረኛው መንገድ ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ይንሸራሸራሉ፤ ልጆቻቸው ሞባይሎች ናቸው። ከተተከሉት አንደኛዋ የሰፈራችን የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። እንዴት ነዎት አልኳቸው። መልስ ሊሰጡኝ አልቻሉም፤ አፋቸውን ቢከፍቱ ሽቦው ይወድቃል። ዓይናቸው ግን ወደ ቤታችን አመለከተኝ። ቶሎ ሂድ የሚል ዓይን ነበር።

ቤታችን ገባሁ። ስልኩ ቀድሞኝ ደርሶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እናቴ በስልኩ ቦታ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ናት። ዳንቴሉን አልብሰዋታል። እጇን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ከዚያ ጠራች። «ናሁ፣ ናሁ፣ ናሁ» አለችና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና «ናሁ፣ ናሁ፣ ናሁ» አለች። የእሷ ድምፅ ነው፤ ግን ውስጡ እሷ የለችም።

በር ላይ አንድ ቀይ ስልክ ቆሞ ነበር፤ ጎረቤት ይመስላል። ልጆቹ እግሩ ሥር ይርመሰመሳሉ።

«ኧረ በፈጠራችሁ ይቺን ሴትዮ አስቆርጧት» አለ። «ቀን የለ ማታ የለ፣ ትጠራለች። ልጆቼ ቻርጅ እንኳ መያዝ አቃታቸው።»

«አንሣትና ትረፍ» አለኝ የኛው ስልክ ከተጋደመበት። «እኔ አንስቼ አንስቼ ደከመኝ። ነፋስ ብቻ ነው።»

የእናቴን እጅ አነሣሁ። መዳፏን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ የሳሙና ሽታ ነበረው። ከመዳፏ ውስጥ እውነትም ነፋስ ይሰማል። ከነፋሱ ወዲያ ደግሞ አንድ ሰው ይተነፍሳል። እዚያው መዳፏ ውስጥ ገባሁ።

ሽቦው ውስጡ እንደ መተላለፊያ ነበር፤ ጠባብ፣ ቀይ፣ ሞቃት። ወለሉ ላይ ቃላት ወድቀዋል። «ደህና ነኝ» የሚል አለ፣ «አታስቢ» የሚል አለ፣ «ለወንድሜ ሰላም በይልኝ» የሚልም አየሁ፤ እኔን ነው። ላነሣው ጎንበስ ስል አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው በመጥረጊያ ገፋው። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ከኋላቸው ምክትሎቻቸው ሁሉ የቆሻሻ ማፈሻ ይዘው ተሰልፈዋል።

«ያ የኔ ነው» አልኳቸው። አልኳቸው ስል አፌ ያወጣው «ቱ……» ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን የገባቸው መሰሉ።

«ያልደረሰ ቃል ነው፣ ጌታዬ። ያልደረሰ ቃል የላኪም የተቀባይም አይደለም» አሉኝ እንደማፈር ብለው። «ለአዲሱ መስመር እንድናጸዳ ታዘን ነው።»

«የት ትወስዱታላችሁ?»

«ባሕር» አሉና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

መተላለፊያው ሲያልቅ አሸዋ ነበር። ፀሐይ የለም፤ ብርሃኑ ከሥር፣ ከአሸዋው ነው የሚወጣው። ጥላዬ ወደ ላይ ቆሟል። ናሁ እዚያ ተቀምጦ ነበር። እንደሄደበት ቀን ያው ልጅ ነው፤ አንዲት ፀጉር እንኳ አልጨመረም። ሳያስፈቅደኝ ለብሶት የሄደው ሰማያዊ ሹራቤ ላዩ ላይ ነበር። ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በአንዱ ከወዲህ የመጣ ሽቦ፣ በሌላው ከወዲያ የመጣ ሽቦ ጨብጧል። ዓይኑን ጨፍኗል።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«ቱ……» አልኩት።

«ስም ከሌለህ ግድ የለም፤ እዚህም ማንም ስም የለውም» አለ። «ከቤት ነህ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይኑ ተጨፍኖም አየኝ።

«አሁንም ትጠብቃለች?»

እንደገና ነቀነቅኩ። እንባዬ ወደ ላይ፣ ወደ ግንባሬ ይፈስ ነበር።

«ሽቦው የተቆረጠው ያን ቀን ነው» አለ ናሁ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። «ስናገር ተቆረጠ። እሷ እንዳታውቀው ብዬ ሁለቱን ጫፍ በእጄ ያዝኩት። እኔ ነኝ እንግዲህ መሀል ላይ ያለሁት። ሰው በእኔ ውስጥ ሲያወራ እሰማለሁ፤ የተሳሳተ ቁጥር የሚደውሉትን ሁሉ እሰማለሁ። የሠርጎቹን ዘፈን ስትልክ እንኳ በክንዴ ነው የሚያልፈው። እኔን ግን የሚሰማኝ የለም።»

ይቅርታ ልለው ፈለግኩ። ሠርጎቹ ለምን እንደዚያ ይዘገዩ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ክንዴ ዛለ» አለኝ። «ወንድሜ፣ ልልቀቀው?»

ወንድሜ አለኝ። ማን ልበል ያለኝ ልጅ አወቀኝ። «ቆይ፣ እናቴን ላቅርብልህ!» ልለው ነበር። መጥታ ድምፁን ትስማ፣ አንድ ቃል ብቻ ትስማ፣ ከዚያ ይልቀቀው። ዞር ስል ግን ከኋላዬ እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ስልኮች ተሰልፈዋል። ግራጫው ስልክ ፊት ላይ ነበር። ሁሉም ባንድ ድምፅ፣ እንደ ተማሪ፣ «የድሮው ሳይቆረጥ አዲሱ አይገባም፣ የድሮው ሳይቆረጥ አዲሱ አይገባም» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁም መጥረጊያቸውን ተደግፈው አብረው ይላሉ። ከእነሱም ጎልቶ፣ ከአሸዋው ሥር፣ የእናቴ ድምፅ ይጠራል፤ «ናሁ፣ ናሁ፣ ናሁ»።

አፌን ከፈትኩ። እንግዳ ነገር፣ ይኼኔ ቃል ወጣ።

«እሺ» አለ አፌ።

እኔ አይደለሁም ያልኩት። ናሁ ፈገግ አለና ጣቶቹን አንድ በአንድ መዘርጋት ጀመረ። ደወል ጮኸ።

የቀሰቀሰኝም ደወል ነበር። ነግቷል። ሳሎን ውስጥ ስልኩ እውነተኛውን ጥሪ ይጠራል። እናቴ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ስልኩ ሲጠራ አጠገቡ ያልተገኘችበት ጊዜ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ዳንቴሉን ወዲያ ወርውሬ አነሣሁት።

«ሃሎ! ማን ልበል?»

ነፋስ ነበር። ከነፋሱ ወዲያ የአንድ ወጣት ድምፅ፣ ከሩቅ፦

«ሃሎ፣ ወንድሜ?»

«ናሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ ሳይሰማው አልቀረም። «ናሁ፣ አንተ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም ወንድሜ፤ የፋይበር ሠራተኛ ነኝ። በራችሁ ያለው ምሰሶ ላይ ወጥቼ ነው፤ ነፋስ ስላለ ይቅርታ። በሞባይሌ እየደወልኩ የትኛው ሽቦ የናንተ እንደሆነ እየለየሁ ነበር፤ አሁን አገኘሁት። ልቁረጠው አይደል?»

ሳምንት ይፈጃል የተባለ ነገር በማግስቱ መጣ። ከቀጠሮው ቀድሞ የመጣ ሠራተኛ በሕልሜ እንኳ አይቼ አላውቅም። ቆይ ልለው ይገባ ነበር። አፌ ግን ገና ከሕልሙ አልወጣም ነበርና «እሺ» አለ።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ኖሮ ያልተጨመቀ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ደረሰች። ውሃው ከኋላዋ ወለሉን አርሶታል። መነጋገሪያውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ናሁዬ! የኔ ልጅ! አለህልኝ?»

ጆሮዬ ከጆሮዋ አጠገብ ስለነበር እኔም ሰማሁት። ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው፤ ለማያውቃት ትልቅ ሴት የሚባለውን አለ።

«እናቴ…»

ቀጭ አለና ተቋረጠ። «ቱ……» የሚለው እንኳ አልተከተለም። ምንም አልነበረም።

እናቴ መነጋገሪያውን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እንዲህ ያለ ፊት ከስድስት ዓመት ወዲህ አይቼባት አላውቅም።

«እናቴ አለኝ» አለች። «ነፋሱንም ሰማሁት። ሰምተኸዋል አይደል ምስክሬ? አንተ እኮ ነህ ቀድመህ ያወቅከው፤ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

በመስኮቱ ሠራተኛው የተቆረጠውን ሽቦ ክንዱ ላይ እየጠቀለለ ከምሰሶው ሲወርድ ይታየኝ ነበር። እሷ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

ዳንቴሉን ከወለሉ አንሥታ አራገፈችና ለስልኩ መልሳ አለበሰችው። በርጩማዋን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና ቁጭ አለች።

«ግድ የለም» አለችኝ። «መልሶ ይደውላል።»